በብራውዘር ብቻ የሚሠሩ፣ ዳታ የማይጨርሱ ጠቃሚና አዝናኝ ድረ ገጾች ጠቁሙኝ

ቀለም_ቀንድ፦

ሰላም ለቤቱ። ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል የሚሆን የድረ ገጽ ዝርዝር እያዘጋጀሁ ነው። ማሽኖቹ 4 ጊጋ ራም ያላቸው አሮጌ ዊንዶውስ 10 ናቸው። ፕሮግራም መጫን ተዘግቷል፣ ብራውዘር ግን አለ። ኢንተርኔቱ በጥቅል ስለሚገዛ ሜጋባይት ይቆጠራል። የምፈልገው፦ አማርኛ መጻፊያ፣ ፎቶ የተነሳ የአማርኛ ገጽ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር፣ ፎቶና ፒዲኤፍ ማሳነሻ (ተማሪዎች ማመልከቻ ሲሞሉ «ፋይሉ ትልቅ ነው» እያለ ይመልስባቸዋል)፣ ቀን መቀየሪያ፣ አርብ ከሰዓት ደግሞ ልጆቹ እየተዝናኑ የሚማሩበት።

«መቶ ምርጥ ድረ ገጾች» የሚሉትን ዝርዝሮች አይቻቸዋለሁ። ግማሹ ይመዘግባል፣ ግማሹ ያስከፍላል። እባካችሁ የምታውቁትንና የሚሠራውን ብቻ፣ ከነአሠራሩ።

ባለ_ስካነር፦

ሰላም መምህርት። ከዝርዝሩ በፊት እያንዳንዱን ድረ ገጽ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ ፋይሉ ከኮምፒውተሩ ይወጣል ወይስ እዚያው ይሠራል? ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱ ፋይልሽን ወደ ራሱ ሰርቨር ወስዶ፣ እዚያ ሠርቶ፣ መልሶ ያወርድልሻል። 15 ሜጋባይት ከሆነ 15ቱም ይሄዳል፣ የተቀነሰው ደግሞ ይመለሳል፣ የሁለቱም ሂሳብ ካንቺ ጥቅል ላይ ነው። ሌላው ገጹ አንዴ ከተከፈተ ወዲያ ሥራውን የሚሠራው በራስሽ ማሽን ላይ ነው። የተማሪ ውጤት፣ መታወቂያና ፓስፖርት ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ከዳታም ያልፋል።

መለያው ቀላል ነው። ገጹን ከፍተሽ እስኪጨርስ ጠብቂ፣ ኔትወርኩን ንቀይ፣ ከዚያ ፋይሉን አስገቢ። ከሠራ፣ ፋይሉ የትም አልሄደም።

ይህን ፈተና ከሚያልፉት አንዱ የጉግል ሰዎች የሠሩት ስኩሽ ነው፤ ፎቶ ያሳንሳል። ነፃ ነው፣ ምዝገባም የለው። ፎቶውን ጎትተሽ ገጹ ላይ ስትጥይ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፣ በግራ ዋናው በቀኝ የተቀነሰው። መሐል ላይ ያለውን መስመር ወዲያና ወዲህ ስትጎትቺ ልዩነቱ ይታይሻል። በቀኝ በኩል «ሪሳይዝ» የሚለውን አብርተሽ ስፋቱን ጻፊ፣ «ኮምፕረስ» ላይ «ሞዝጄፔግ»ን ምረጪ። ዌብፒና ኤቪፍ ይበልጥ ያሳንሳሉ፣ የማመልከቻ ፎርሞች ግን ብዙውን ጊዜ አይቀበሏቸውም። ጥራቱ 75 ላይ ይጀምራል። ለፊት ፎቶ ከ60 በታች ከወረድሽ በፀጉሩ ዙሪያ አራት ማዕዘን ነቁጥ መታየት ይጀምራል። አዲሱ የፋይል መጠን ከታች ስለሚጻፍ እያየሽ መመጠን ትችያለሽ።

ሁለተኛው ፎቶፒ ነው። ፎቶሾፕን የሚያውቅ ሰው ሳይማር ይሠራበታል፣ የፎቶሾፕ ፋይልም ይከፍታል። 12ኛ ክፍል ለሚጨርሱት አንድ ምሳሌ፦ የዲቪ ፎቶ 600 በ600 ፒክስል፣ ከ240 ኪሎባይት የማይበልጥ ጄፔግ ይሁን ይላል፣ ከአገጭ እስከ አናት ያለው ደግሞ ከምስሉ ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ። ስህተቱ የሚመጣው ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጠውን ፎቶ እንዳለ 600 በ600 ሲያደርጉት ነው፤ ፊቱ ወደ ጎን ይሰፋል። መጀመሪያ ይቆረጥ። በፎቶፒ የመቁረጫ መሣሪያውን ያዢ፣ ከላይ «ፊክስድ ሬሾ» ብለሽ 1 ለ1 አድርጊ፣ ሳጥኑን ፊቱ ላይ አስተካክለሽ ኢንተር። ከዚያ «ፋይል»፣ «ኤክስፖርት አዝ»፣ «ጄፒጂ»፣ ወርድና ቁመቱን 600 ሙዪ። የጥራቱን መጠን ስታንቀሳቅሺ የፋይሉ ክብደት እዚያው ይታያል። መመሪያው በየዓመቱ ስለሚወጣ የዚያን ዓመቱን አንብቢ።

ስለ ራም፦ ከስልክ የመጣ 12 ሜጋፒክስል ፎቶ ፋይሉ 4 ሜጋባይት ይሁን እንጂ ሲከፈት እያንዳንዱ ሌየር (የምስል ንብርብር) ወደ 48 ሜጋባይት ራም ይይዛል። ስድስት ሰባት ሌየር ሲደራረብና ሌሎች ታቦች ሲከፈቱ አሮጌው ማሽን መንተባተብ ይጀምራል። መጀመሪያ አሳንሰሽ ከዚያ ሥሪ። ታቡ በስህተት ከተዘጋ ደግሞ ያልተቀመጠው ሥራ አብሮ ይሄዳል።

ፊደል_ለቃሚ፦

የአማርኛውን እኔ ልውሰድ።

ለመጻፍ ድረ ገጽ ከመፈለግ በፊት ዊንዶውስ 10 ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ እንዳለው እወቂ። «ሴቲንግስ»፣ «ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ»፣ «ላንጉዌጅ» ገብተሽ አማርኛን ጨምሪ፣ ከዚያ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ባር አንድ ላይ ሲጫኑ ይቀያየራል። እሱም ከተዘጋ ኪማን በብራውዘር የሚሠራ ኪቦርድ አለው። እዚያው ጽፎ ኮፒ ማድረግ ነው። ጽሑፉ ዩኒኮድ (ሁሉም ማሽን የሚያውቀው የፊደል ኮድ) ስለሆነ ኢሜይልም ላይ፣ ቴሌግራምም ላይ ሳይበላሽ ይሄዳል።

ከፎቶ ወደ ጽሑፍ ለአማርኛ በነፃ ከሚገኙት የምመርጠው ጉግል ድራይቭ ነው። ይህ ፋይሉን ወደ ሰርቨር እንደሚወስድ ልብ በይ፤ የባለ_ስካነርን ፈተና አያልፍም። ለፈተና ወረቀትና ለማስተማሪያ ጽሑፍ እንጂ ለግል ማኅደር አላደርገውም። አሠራሩ፦ ምስሉን ወይም ፒዲኤፉን ድራይቭ ላይ ጫኚ፣ በቀኝ ጠቅ፣ «ኦፕን ዊዝ»፣ «ጉግል ዶክስ»። ከላይ ምስሉ፣ ከሥሩ ጽሑፉ ይመጣል።

ሲበላሽ ምክንያቱ በአብዛኛው ከነዚህ አንዱ ነው። ጉግል ራሱ ፋይሉ ከ2 ሜጋባይት ባይበልጥ ይመክራል፣ ስለዚህ የስልክ ፎቶውን በስኩሽ አሳንሰሽ ጫኚ። ነገር ግን አታብዢው፤ የፊደሉ ቁመት ከ10 ፒክስል ካነሰ አያነበውም፣ ለአማርኛ ደግሞ እኔ ከ25 በታች አላወርድም። ምክንያቱም በለ እና በሉ፣ በከ እና በኩ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ቅጥያ ናት፣ ምስሉ ሲደበዝዝ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ነች። ፎቶው የተንጋደደ ከሆነ መስመር ይዘላል። የእጅ ጥላ የወደቀበት ገጽ ግማሹ ይጠፋል፣ ስለዚህ መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ ሳይበራ ይነሳ። እርማት ስትጀምሪ ደግሞ አራት ነጥቡን ፈልጊ፤ ብዙ ጊዜ ሁለት የእንግሊዝኛ ኮለን ሆኖ ይመጣል። «ፈልግና ተካ» በአንዴ ያስተካክለዋል።

አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። በየቢሮው በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ፣ ዩኒኮድ ያልሆኑ የወርድ ሰነዶች ሞልተዋል። ብራውዘር ላይ ሲለጠፉ የላቲን ፊደል ቅራቅንቦ ይሆናሉ፣ ፎንት መቀየርም አያድናቸውም፣ ምክንያቱም ከሥር የተቀመጠው ኮድ የአማርኛ አይደለም። ፎንቱ ያለበት አንድ ማሽን ካለ ሰነዱን እዚያ ከፍቶ ማተም ወይም ስክሪኑን ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያ ምስሉን በድራይቭ በኩል ማሳለፍ ነው። ጽሑፉ ዩኒኮድ ሆኖ ይወጣል። ሠንጠረዥ ካለበት ግን እጅ በእጅ ይስተካከላል፣ ምርጫ የለም።

ጳጉሜ_6፦

ስለ ቀን መቀየሪያ አጭር ነገር። የትኛውንም ተጠቀሚ፣ ከመተማመንሽ በፊት ግን በሁለት ቀን ፈትኝው። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12፣ 2023 መሆን አለበት። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሴፕቴምበር 11፣ 2023። የመጀመሪያውን ሴፕቴምበር 11 ካለሽ ወይም ጳጉሜ 6ን «የለም» ካለ የሉቃስን ዓመት አያውቅም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ከዚያ መስከረም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ በአንድ ቀን ያሳስታል፣ የልደት ቀን ላይ ሲሆን ፓስፖርትና የትምህርት ማስረጃ እንዳይገጥሙ ያደርጋል። ሰባት ወይም ስምንት ብቻ ቀንሰው ዓመቱን የሚሰጡትንማ አትቁጠሪያቸው።

ሰነድ_ቤት፦

ባለ_ስካነር ፒዲኤፉን ዘሎታል፣ ዋናው ራስ ምታት ግን እሱ ነው።

አይ ላቭ ፒዲኤፍና ስሞልፒዲኤፍ ይሠራሉ፣ ሁለቱም ግን ፋይሉን ወስደው ነው የሚሠሩት። ከተወሰነ ሰዓት በኋላ እንደሚያጠፉት ይናገራሉ። ለማስታወቂያና ለፈተና ወረቀት ምንም አይደለም፣ ለመታወቂያ አይሆንም። ከማሳነስ ይልቅ ከመጀመሪያው ትልቅ እንዳይሆን ማድረግ ይሻላል። ፒዲኤፍ የሚከብደው ጽሑፍ ስላለው አይደለም፣ ውስጡ የተለጠፈው ፎቶ ስለሆነ ነው። ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲስካን 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል። በ150 ዲፒአይ 1240 በ1754፣ ማለትም አንድ አራተኛው። ለሚነበብ ደብዳቤ 150 በግራጫ ይበቃል። ማኅተሙ ሰማያዊ መሆኑ እንዲታይ ከተፈለገ በቀለም፣ ነገር ግን በዚያው 150።

ስካነር ከሌለና ሰነዱ በስልክ ከተነሳ፦ እያንዳንዱን ፎቶ በስኩሽ ወርዱን 1240 አድርገሽ፣ ጥራቱን 60 አካባቢ አስቀምጠሽ አውርጂ። ከዚያ ሁሉንም በዊንዶውስ መርጠሽ በቀኝ ጠቅ፣ «ፕሪንት»፣ ማተሚያው ላይ «ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ»። ከኮምፒውተሩ ምንም አልወጣም። ገጾቹ የሚደረደሩት በስማቸው ተራ ስለሆነ 01፣ 02፣ 03 ብለሽ ሰይሚ። አለበለዚያ 10ኛው ከ2ኛው ቀድሞ ሊገባ ይችላል። «ፊት ፒክቸር ቱ ፍሬም» የሚለውን ምልክትም አንሺ፣ ካልሆነ የገጹ ዳርና ዳር ይቆረጣል፣ አብሮ የሚቆረጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የደብዳቤ ቁጥሩ ነው።

ጠጠር_ገፊ፦

አርቡን ለኔ ተዉልኝ።

ለፊዚክስ ፌት የሚባለውን የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ገጽ ክፈቺ። በ2002 በኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን የተጀመረ ነው፣ ሁሉም ነፃ። ጥሩነቱ አዲሶቹ ሲሙሌሽኖች አንድ አንድ ፋይል ሆነው ስለሚወርዱ ነው። አንዴ አውርደሽ በፍላሽ ለሁሉም ማሽን ታድያለሽ፣ ከዚያ በኋላ ኔትወርክ አያስፈልግም። የድሮዎቹን የጃቫዎቹን ተያቸው፣ ብራውዘር እንደነበሩ አይከፍታቸውም። በኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱ ጀምሪ፦ ባትሪው 9 ቮልት፣ አምፖሉ 10 ኦም ሆኖ ይመጣል፣ አሜትሩ 0.9 አምፒር ያሳያል። ሁለተኛ አምፖል በተከታታይ ሲጨመር 0.45 ይሆናል፣ ብርሃኑም ይደክማል። በትይዩ ሲደረግ ከባትሪው የሚወጣው 1.8። ልጆቹ ግን የሚስቁት ሽቦውን ከባትሪው ጫፍ ወደ ጫፍ አገናኝተው እሳት ሲነሳ ነው። ያድርጉት፣ ሾርት ምን እንደሆነ ከዚያ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ለቼዝ ሊቼስ። ማስታወቂያ የለውም፣ ምዝገባ የለውም፣ ዳታውም ኢምንት ነው። ከኮምፒውተር ጋር ለሚጫወት ከ1 እስከ 8 ደረጃ አለ። ለጀማሪ 1 ወይም 2 ነው፣ 8 ላይ መምህሩም አይችለው። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ቦታ ሰዓት የተወሰነለት ጨዋታ አይሆንም፣ ደቂቃው እየቆጠረ ይሸነፋሉ። «ኮረስፖንደንስ» የሚለው ለአንድ እርምጃ ቀናት ይሰጣል፤ እሱ ግን ምዝገባ ይፈልጋል። ከጨዋታ በኋላ ያለው ስቶክፊሽ የተባለው የቼዝ ፕሮግራም ትንተና የሚሠራው በራስሽ ማሽን ላይ ስለሆነ አሮጌው ኮምፒውተር ማራገቢያው ይጮሃል። ሁሉም በአንዴ አይክፈቱት።

ሬዲዮ ጋርደን ለጂኦግራፊ ደስ ይላል። ሉሉን እያዞሩ አረንጓዴ ነጥብ ላይ ሲያቆሙ የዚያ ከተማ ሬዲዮ ይከፈታል። ሂሳቡን ግን ያዢ፦ 128 ኪሎቢት የሚያሰራጭ ጣቢያ በሰዓት ወደ 58 ሜጋባይት ይወስዳል። 20 ማሽን ከሆነ በሰዓት ከ1 ጊጋ በላይ ነው። ስለዚህ አንድ ማሽን፣ አንድ ስፒከር።

ፍላይትራዳር24ም እንዲሁ በአንድ ስክሪን። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደውን ኢቲ 500ን ፈልገው መንገዱን ይከተሉ። አውሮፕላኖቹ ያሉበትን ቦታ በ1090 ሜጋኸርዝ ራሳቸው ያሰራጫሉ፣ መሬት ላይ ያሉ ተቀባዮች ይሰበስቡታል። ተቀባይ በሌለበት በረሃና ውቅያኖስ ላይ አውሮፕላኑ ከካርታው ይጠፋል፣ ወይም በግምት ይሣላል። ልጆቹ «ወደቀ!» እንዳይሉ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ሲጻፍ ወደኛ አቆጣጠር ለማምጣት 3 ይደመራል፦ 19፡30 ካለ 22፡30፣ ከምሽቱ 4፡30 ማለት ነው።

ቀለም_ቀንድ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ሁለት ዓምድ ያለው የመጽሔት ገጽ በድራይቭ ሲያልፍ የግራውና የቀኙ መስመር ተቀላቅሎ መጣ። ሌላው፣ ማስታወቂያዎችና የፈተና መረጃዎች አሁን ሁሉ ቴሌግራም ላይ ናቸው። ማሽኖቹ ላይ ደግሞ ቴሌግራም የለም።

ፊደል_ለቃሚ፦

ዓምዶቹን ለየብቻ ቁረጪያቸው። በፎቶፒ የግራውን ቆርጠሽ ኤክስፖርት፣ ኮንትሮል ዜድ ብለሽ መልሺው፣ የቀኙን ቆርጠሽ ኤክስፖርት። ሁለት ምስል ሆነው ይጫኑ። የገጹ ርዕስ በሁለቱም ዓምድ ላይ ከተዘረጋ ሦስተኛ ምስል አድርጊው።

ኔትወርክ_ፈላጊ፦

ለቴሌግራሙ፦ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቻናል አድራሻው ቲ ነጥብ ኤምኢ፣ ስላሽ፣ የቻናሉ ስም ነው አይደል? ከስሙ በፊት ኤስ የምትል ፊደልና አንድ ስላሽ ጨምሪ። መልእክቶቹ በብራውዘር ይከፈታሉ፣ አካውንትም ስልክ ቁጥርም አይጠይቅም። የግል ቻናልና ግሩፕ በዚህ አይከፈትም።

ማስታወቂያው ድረ ገጽ ላይ ከሆነና ይጠፋል ብለሽ ከሠጋሽ የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያከማቸው በዌይባክ ማሽን «ሴቭ ፔጅ ናው» አስቀምጪው። ቀድሞ የጠፋም ከሆነ አድራሻውን እዚያ ለጥፊ። በቀን መቁጠሪያው ላይ ሰማያዊ ክብ ያለበት ቀን ገጹ በትክክል የተቀመጠበት ነው። አረንጓዴው ወደ ሌላ አድራሻ የሚመራ፣ ብርቱካንማና ቀዩ በዚያ ሰዓት ስህተት የሰጠ ስለሆነ አትድከሚባቸው። መግቢያና የይለፍ ቃል ያለው ገጽ አይቀመጥም።

ከተማሪ ፍላሽ የመጣ አጠራጣሪ ፋይል ሲያጋጥምሽ ቫይረስቶታል እስከ 650 ሜጋባይት ተቀብሎ በብዙ አንቲቫይረስ ይፈትሽልሻል። ነገር ግን እዚያ የተጫነ ፋይል ለደኅንነት ኩባንያዎች ይከፈታል። አቋራጭ ሆኖ የመጣውን ፎልደር እንጂ የውጤት ሠንጠረዡን እንዳትጭኚ።

ሰነድ_ቤት፦

ኪዊክስን ማንም አላነሳውም። ውክፔዲያን ሙሉ በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ማንበቢያ ነው፣ ብራውዘር ውስጥ የሚከፈትም ዓይነት አለው። የእንግሊዝኛው ከነምስሉ ከ100 ጊጋ በላይ ስለሆነ ለትምህርት ቤት አይሞከርም፣ በርዕስ የተለዩትን አነስተኛ ጥቅሎች ምረጪ። የአማርኛው ራሱ በጣም ትንሽ ነው፣ በማንኛውም ፍላሽ ይገባል። ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል ፍላሽ ላይ ስትገለብጪ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ካለሽ፣ 32 ጊጋው ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ፍላሹ ፋት32 በሚባለው የድሮ አቀማመጥ ፎርማት ተደርጎ ነው። በቀኝ ጠቅ፣ «ፎርማት»፣ «ኤክስፋት»። ውስጡ ያለውን ቀድመሽ አውጪ፣ ፎርማት ሁሉንም ይጠርጋል።